የመጀመሪያዋ ፊደል

በ1991 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የጋይንቱን የኔታ አጠፋኋቸው። እሳቸውማ ደህና ነበሩ፤ እዚያው ደብራቸው ተቀምጠው ድጓ ያስተምሩ ነበር። እኔ ያጠፋኋቸው ዲስኬት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ሥነ ጽሑፍ የማስተምር ወጣት መምህር ነበርኩ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ጥር ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቼ በጭነት መኪና ጋቢና ነፋስ መውጫ ገባሁ፤ ከዚያ በእግርና በበቅሎ ወደ ታች ጋይንት ወርጄ አንድ ዓይነ ሥውር የድጓ መምህር ዘንድ ዘጠኝ ቀን ሰነበትኩ። ሦስት ካሴት ሞላሁ። የኔታ ስለ ተማሪ ቤት ረሃብ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ እከክ፣ ስለ ዜማ አጫወቱኝ። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ድጓን ከማን እንደተማሩ፣ መምህራቸው ከማን፣ የመምህራቸው መምህር ከማን እያሉ ወደ ኋላ ቆጠሩልኝ። ከጋይንት ወደ ስማዳ ወረዱ፣ ከስማዳ ወደ እስቴ ተሻገሩ፣ ተመልሰው ጋይንት ቤተልሔም ገቡ። ዘጠኝ መምህራን ቆጠሩ። እየቆጠሩ ከጎናቸው የተቀመጠውን መሪያቸውን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ያደርጉት ነበር። «አንተም ስማ» ማለታቸው ነው።

ስመለስ ካሴቶቹን እየሰማሁ በእጄ ጻፍኩ። ጸሐፊያችን በኮምፒውተር ለቀመችው፤ አርባ ገጽ ያህል ወጣው። በዲስኬት አስቀመጥኩት። የእጅ ጽሑፉንማ ማን ያስቀምጠዋል! የካሴቶቹ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ገንዘብ ነበር። አንዱን ለተማሪዎቼ የግጥም ንባብ፣ ሌላውን ለባልደረባዬ ሠርግ አደረግሁት፤ በሦስተኛው ላይ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ቃሉ ተጽፏል፣ ድምፁ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ሰኔ ላይ የፈተና ፕሮግራም የምገለብጥበት ዲስኬት ቸገረኝ። ያለችኝ አንዲት ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬት ሞልታለች። ከፈትኳትና የማይጠቅሙኝ የመሰሉኝን ሦስት አራት ፋይሎች መርጬ ዲሊት አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ የኔታ ነበሩ። ማታ እራት ስበላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጉርሻው አልወርድ አለኝ። በማግሥቱ ገና ቢሮ ሳይከፈት ደርሼ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት፣ ሪሳይክል ቢንን፣ ከፈትኳት። ባዶ ናት። ቅርጫቷ ከሃርድ ዲስኩ የተጣለውን እንጂ ከዲስኬት የተጣለውን እንደማትቀበል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጥገና ክፍል አንድ ልጅ ነበር። ጉዴን ነገርኩት።

«መምህር፣ ካጠፉት በኋላ የጻፉበት ነገር አለ?»

«የፈተና ፕሮግራም ገልብጬበታለሁ።»

ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ከመሳቢያው የራሱን ዲስኬት አውጥቶ ከተተ። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ በጥቁሩ ላይ የጠፉት ፋይሎች ስም ተደረደረ። የሁሉም የመጀመሪያ ፊደል የለችም፤ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የመጀመሪያዋ ፊደል ማን ነበረች?» አለኝ።

ፋይሉን በላቲን ፊደል «ጋይንት» ብዬ ነበር የሰየምኩት። «ጂ» አልኩት። ጂን ነካ። የኔታ ተመለሱ።

ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኮምፒውተር «አጠፋሁ» ሲል የሚያጠፋ ይመስለኝ ነበር። ሐሰት ነው። የወረዳ መዝገብ ቤት አስቡ። ሠራተኛው የአንድን ሰው ፋይል እንዲያስወግድ ታዘዘ እንበል። መሰላል መውጣት ስለሚሰለቸው ከትልቁ መዝገብ ላይ ስሙን ብቻ ይሰርዛል። ፋይሉ እላይ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ቦታው ለሌላ ሰው ፋይል እስኪፈለግ ድረስ ማንም አይነካውም። የዚያ ዘመን ዲስኬትም አሠራሯ ይኸው ነበር። መጀመሪያዋ ላይ የፋይሎች ስም ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ ጋር ደግሞ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ፋይል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተጋድሞ አይተኛም፤ እያንዳንዱ 512 ባይት በሆነ ቁራሽ ተከፋፍሎ ባገኘው ክፍት ቦታ ይሰፍራል። ሠንጠረዡ «ከዚህ ቀጥለህ ወደዚያ ሂድ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለስ» እያለ ቁራሾቹን በሐረግ ያያይዛቸዋል። ዲሊት ሲባል የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይነሣና በቦታዋ የመጥፋት ምልክት ይገባል፤ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ሐረግም ይበጠሳል። ጽሑፉ ራሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ባለሙያው ልጅ የኔታን የመለሰልኝ የመጀመሪያዋን ፊደል ከእኔ ተቀብሎ፣ ሐረጉን በግምት ቀጥሎ ነው።

ይህን የኮምፒውተር ስንፍና ወደ ጥቅም ከለወጡት ሰዎች ስመ ጥሩው ፒተር ኖርተን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የጠፋ ፋይል የሚመልሰውን ፕሮግራሙን በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣ። በዓመቱ፣ በ1983፣ የአፕል ኩባንያ «ሊሳ» የተባለችውን ኮምፒውተር ሲያወጣ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ስክሪኑ ላይ አስቀመጠ፤ በ1984 ማኪንቶሽ ወረሰችው። ማይክሮሶፍት በ1991 መመለሻ ፕሮግራሙን ከዶስ ጋር አብሮ መስጠት ጀመረ፤ በነሐሴ 1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ደግሞ ሪሳይክል ቢንን ይዞ መጣ። ቅርጫቷ እንዲያውም አታጠፋም፤ ፋይሉን ወደ ተደበቀ ጓዳ ታዛውርና ከየት እንደመጣ በጎን ትመዘግባለች። እነዚህን ነገሮች የሠሩ ሰዎች የሰውን ጠባይ ያውቃሉ። ሰው ዛሬ የጣለውን ነገ ይፈልገዋል።

የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም ያውቁት ነበር። ብራና ላይ የተሳሳተ ቃል ሲገኝ አንዱ መላ መፋቅ ነው፤ ቀለሙን በስለት ጠርጎ በላዩ መጻፍ። መጽሐፉ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዛወርም የፊተኛው ስም ይፋቅና የኋለኛው ይገባል። ግን ብራና ቂመኛ ነው። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ የፊተኛው ሰው ስም እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ሌላው መላ የበለጠ ደስ ይለኛል። ጸሐፊው የተሳሳተውን ቃል ሳይፍቀው ከላይና ከታች በቀጫጭን ጭረት ያጥረዋል። አንባቢው ዘሎት ያልፋል፤ ቃሉ ግን እዚያው አለ፣ ይነበባል። የማንንም ስሕተት እንደዚያ በጨዋነት ብናስወግድ ጥሩ ነበር። ይህ ግን የዛሬ ወሬዬ አይደለም።

የዛሬ ወሬዬ የጥያቄ ምልክቷ ናት። ልጁ «የመጀመሪያዋ ፊደል ማን ነበረች?» ሲለኝ የኔታ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ያሉኝና ያልገባኝ ነገር ገባኝ።

ድጓን ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዋናው ጽሑፍ በትልቁ ተጽፎ፣ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የደቀቁ ፊደሎችና ጭረቶች ተበትነዋል። ከጭረቶቹ ወገን እነ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ አሉ፤ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ይናገራሉ። የደቀቁት ፊደሎች ምልክት ይባላሉ፤ ከ500 በላይ ናቸው። ምልክት እንደ ፈረንጅ ኖታ «ይህን ድምፅ አውጣ» አይልም። ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው ሌላ ቦታ የተቆረጠ ነው፤ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ። ባለሙያው ያችን ፊደል ሲያይ የተቆረጠችበት ሐረግ ትዝ ይለዋል፤ ከሐረጉ ጋር ዜማው ይመጣል። ዜማው ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው የመጀመሪያዋ ፊደል ናት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ መጽሐፉ ላይ እያለ ለምን በቃል ያጠኑታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሞኝ ጥያቄ። የኔታ ሳቁ። «ልጄ፣ መጽሐፉማ ይጠራል እንጂ መች ይዘምራል» አሉኝ።

ይህ እንግዲህ ከዲስኬቷ ጋር ሲተያይ ግልባጩ ነው። ዲስኬቷ ላይ ነገሩ አለ፤ የጠፋው መጠሪያው ነው፤ ስለዚህ ይመለሳል። የድጓ ዜማ የጠፋ ዕለት ግን መጠሪያው ብራናው ላይ እንደደመቀ ይቀራል፤ ሲጠሩት የሚመልስ ይታጣል። ኖርተን ቢመጣ ምንም አያደርግም።

እነዚህ ምልክቶች እንዴት እንደመጡ ሊቃውንቱ የሚተርኩት ታሪክ ራሱ የጠፋ ነገር የመመለስ ታሪክ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን ሲያዳርስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቱም ከነቤታቸው። ኢማሙ በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የተረፈው ካህን የተረፈውን መጽሐፍ መፈለግ ጀመረ። ትውፊቱ እንደሚለው ድጓ የተገኘው ጋይንት ቤተልሔም ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዜማው ምልክት ሠሩለት ይላሉ፤ እንደገና ቢጠፋ መያዣ እንዲኖረው። የብራናዎቹ ምስክርነትም ከዚህ ጋር አይጣላም፤ ሥርዓት የያዘ ምልክት በድጓ መጻሕፍት ላይ የሚበዛው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው።

ሰው የማጥፋትን ልክ ሲያይ ነው ማውጫ የሚሠራው ማለት ነው። ቤተልሔም ግን ማውጫ ብቻ ይዛ አልቀረችም። መጽሐፉ የተገኘባት በመሆኗ መመስከሪያ ሆነች። ድጓን የትም ተማር፣ ጎጃምም ሸዋም፣ አስመስክረህ መሪጌታ ለመባል ወደ ቤተልሔም ትወጣለህ። የድጓው ዜማ የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር እየተባለ ሲለይም ቤተልሔም አንደኛዋ ናት፤ በእስቴ በኩል ያለችው ቆማ ፋሲለደስ ሁለተኛዋ። ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አባ ይሄዳል። አንድ ተማሪ በእግሩ ሊያዳርሰው በሚችል አገር ውስጥ ይህ ሁሉ መከማቸቱ ይገርመኛል። ከጉና በስተምሥራቅና በስተደቡብ የወደቀው ይህ መሬት ገደላም ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ራስ ጀምሮ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ የተማሪ ጎጆ ያልተተከለበት ደብር ፍለጋ ብትወጡ ያን ጊዜ እግራችሁ ይደክም ነበር።

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምትነግረን ነገር አላት። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት አየርላንዳዊ እዚያ ደረሰ። ከውጭ ሲያያት እንደማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፤ ሣር ክዳን። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ጣራ ሥር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ፤ ማዕዘናዊ፣ በጥርብ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ የአክሱምን አሠራር የተከተለ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ። ጉዞውን በ1959 በታተመ መጽሐፉ ጻፈው፤ ዓለምም «ተገኘ» አለ። ለካህናቱማ መች ጠፍቶ! በየቀኑ የሚቀድሱበት መቅደስ ነው። የጠፋው ከፈረንጅ ዝርዝር ላይ ነበር። እዚህ ላይ ፓኬናምን ለማማት አይደለም፤ የሩቅ አገር ሰው ስላየው ነው እኛ የአዲስ አበባ ሰዎችም የሰማነው። ነገር ግን «ጠፋ» ስንል ከየትኛው መዝገብ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

በዚያው በጋይንት ምድር በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ አልፈዋል። ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እየቆፈሩ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ ወደ መቅደላ። መቅደላ ላይ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ይጠብቋቸው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠው፤ እንግሊዞቹ ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉን ለብሪቲሽ ሙዚየም ወሰዱ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ተለቀው ነበርና እኔም ከሶፋዬ ሳልነሣ ገጽ በገጽ ሳገላብጥ አመሸሁ። ከዚያ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወንበዴዎች የላይብረሪውን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገቡ። ካታሎጉም ብራናዎቹም በአንድ ሌሊት ከስክሪኔ ጠፉ። መጻሕፍቱ ለንደን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ገጽ አልጎደለችም። የጎደለው ዝርዝሩ ነው። ዋናው ካታሎግ በጥር 2024 ሲመለስም የብራናዎቹ ሥዕሎች ገና ነበሩ። የጎንደርን ቃጠሎና የመቅደላን ጦርነት የተሻገረ መጽሐፍ በአንድ የኮምፒውተር ሌባ ምክንያት «አልተገኘም» ይለኝ ነበር። ሳቅሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

አንድ ነገር እንዳይጠፋ ቢፈለግ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ይህን አደረገ። ከየደብሩና ከየገዳሙ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ነገሩን በሌላ በኩል እዩት ደግሞ፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ፤ በማግሥቱ ዓመት ሚኒሶታ ገቡ፤ ለብዙ ዓመታት እዚያው የሚኖሩትን ፊልሞች አንድ በአንድ እያነበቡ ማውጫ ሠሩላቸው። አገራቸውን ያጡ ሰው ለአገራቸው መጻሕፍት መጠሪያ ሲጽፉ ኖሩ። እኔ በተማሪነቴ ያነበብኩት አንድም ጥናት ያለ እሳቸው ካታሎግ ባልሆነልኝ።

ግን የኔታ ያሉኝን አትርሱ። ፊልሙም ሆነ ስካነሩ ያነሣው ምልክቱን ነው። ድጓን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሥተን በአሥር አገር ብናስቀምጥ ያስቀመጥነው መጠሪያውን ነው። የሚጠራው ያለው ጎጆ ውስጥ፣ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ባነገተ ልጅ ራስ ውስጥ ነው። ልጁ ደግሞ የሚኖረው በየደጁ «ስለ ማርያም» ብሎ በሚያገኘው ቁራሽ ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በድርቅ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሣ አገሮች ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሲጀመር ከገቡት መካከል ነበሩ። ራሱ በስፍር እህል የሚኖር ገበሬ ለተማሪ ምን ይቆርሳል? ቁራሹ ሲያጥር ተማሪው ይበተናል። ጎንደር ይሄዳል፣ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ መጥቶ ዘበኛ ይሆናል። መጽሐፉ ግን ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ደህና አድሯል። ጠፋ የሚል ሪፖርት የሚጽፍ አይኖርም።

ባለሙያው ልጅ ከንፈሩን የመጠጠበትን ምክንያት ያን ቀን አስረዳኝ። ፋይል በማጥፋት አይሞትም፤ የሚሞተው በላዩ ሲጻፍበት ነው። ባዶ ሆኖ የተተወ ቦታ ዓመትም ቢቆይ የፊተኛውን ይዞ ይጠብቃል። (ዛሬ እንዲህ ያለ ትዕግሥት እየጠፋ ነው። አዲሶቹ ዲስኮች የተሰረዘውን ቦታ ራሳቸው ቀድመው ያጸዱታል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ብትነግሯቸውም አይሰሙም።) እኔ በየኔታ ድምፅ ላይ ዘፈን ቀድቼበታለሁ። በየኔታ ቃል ላይ ደግሞ የፈተና ፕሮግራም ገልብጬበታለሁ።

የተመለሰውን ፋይል ስንከፍተው መጀመሪያ የላቲን ፊደል ትርምስ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የዓለም መዝገብ የገባው በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ትክክለኛውን ፎንት ስንመርጥለት አማርኛው ወለል አለ። ረሃቡ አለ፣ ውሻው አለ፣ እከኩ አለ። የመጨረሻው ምሽት ላይ ደረስን። መምህራኑ ይቆጠራሉ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከአራተኛው ስም በኋላ «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት፣ አዳራሽ ቁጥር 2፣ ተማሪዎች መታወቂያ ይዘው» ይላል። ከዚያ የማይነበብ ነገር ይመጣል። ከዚያ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው። የአምስተኛውና የስድስተኛው መምህራን ቦታ የኔ ፈተና ተቀምጦበታል።

ወዲያው ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ። ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ፣ አገባሁ። የኔታ በ1993 ዓ.ም. ማረፋቸውን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ነፋስ መውጫ ሄጄ የዚያን ጊዜውን መሪ ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት። ጎልማሳ ሆኗል፤ እህል ይነግዳል። የኔታ ካረፉ በኋላ ጾመ ድጓን ጨርሶ ድጓው ላይ እንዳቋረጠ ነገረኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ሦስት ልጆቹ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። አትሜ የወሰድኩለትን ገጽ አነበብኩለት። እሱም አብሮኝ ቆጠረ፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እዚያ ላይ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ይዞኝ ነበርኮ» አለኝ። ከዘራው የነካው ለካ ለዚህ ኖሯል። ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ከዱቤ መዝገቡ መሃል ከተተው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ለወራት ስልኩ አልሠራልኝም። በ2014 መጀመሪያ ራሱ ደወለ። ቤተሰቡ ደህና ነው፤ ሱቁ ባዶውን ቀርቷል፤ የዱቤ መዝገቡም የለም፤ ማን ስንት እንዳለበት በቃሉ ነው የሚያውቀው። «ያችን ወረቀት ድገሙልኝ» አለኝ። ፎቶ ኮፒ አድርጌ በሚሄድ ሰው ላክሁለት።

ከወር በኋላ እንደገና ደወለ። እስቴ ያገኘው አንድ የድሮ ጓደኛው፣ እሱም ከየኔታ ዘንድ የነበረ፣ አምስተኛውን መምህር ያውቀው ኖሯል። ስሙንና ደብሩን ነገረኝ፤ በእርሳስ ጻፍኩት።

«ስድስተኛውስ?»

«እሱን አልያዘውም። በ'ወ' እንደሚጀምር ብቻ ነው ትዝ የሚለው።»

ወልደ። እንግዲህ በ«ወልደ» የማይጀምር የመሪጌታ ስም ስንት አለ?